አላርሙን ዝም ያሰኘሁ ቀን

ገጠመኙን የሚያወራ ሰው ብዙ ጊዜ ራሱን ከጀግኖቹ መካከል አስቀምጦ ይጀምራል። እኔ ግን እንዳትደክሙ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ አንደኛው ደንቆሮ እኔ ነኝ። ሁለተኛው ሥራ አስኪያጃችን አቶ ክንዴ ነው። ይህን ቢያነብ ሁለተኛ መባሉ ሳይከነክነው አይቀርም፤ ሰውየው በሁሉም ነገር አንደኛ መውጣት ይወድ ነበር።

ነገሩ የሆነው ቡሬ ከተማ ዳር በነበረ አንድ የዘይት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ጊዜው ግምገማ፣ ግለ ሂስ፣ አንድ ለአምስት የሚባሉ ቃላት በየመሥሪያ ቤቱ ከዳቦ በላይ የሚታደሉበት ዘመን ነበር። እኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። የፍኖተ ሰላም ልጅ ነኝ፤ በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመርቄ፣ አዲስ አበባ ሦስት ወር ሥልጠና ወስጄ፣ ከዚያ በኋላ የማላውቀው ነገር ያለ የማይመስለኝ ጎረምሳ ሆኜ ተመልሻለሁ። የላፕቶፕ ቦርሳዬን ላፕቶፑ በሌለበት ቀን እንኳ አንጠልጥዬ ነው የምዞረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ፍኖተ ሰላም ስገባ በባጃጅ ዋናውን መንገድ ሁለቴ እመላለስበታለሁ፤ አንዱ ለመድረስ፣ ሌላው ለመታየት።

ሥራዬ ምን እንደነበረ በአጭሩ ላስረዳችሁ። ፋብሪካው ውስጥ ኮንትሮለር የሚባል ሳጥን አለ፤ ማሽኖቹን የሚያዘው እሱ ነው። ኮንትሮለሩ ከየክፍሉ ወሬ የሚያገኘው በኬብል ሲሆን፣ ኬብሎቹ ሁሉ ስምንት ቀዳዳ ያላት ስዊች ላይ ይሰካሉ። ቀዳዳዎቹ ፖርት ይባላሉ። መሣሪያዎቹን የተከሉት ሰዎች አንድ ነገር ሳይጨርሱ ነበር የሄዱት፤ ከስምንቱ ኬብሎች አንዱ ቢነቀል ኮንትሮለሩ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረም። ወሬ ሲቋረጥበት መጨረሻ የሰማውን ቁጥር ይዞ ዝም ይላል።

ያንን እኔ አስተካከልኩት። ኮንትሮለሩ እያንዳንዱን ፖርት በየሰከንዱ እንዲጠይቅ፣ መልስ ካጣ ስክሪኑ ላይ ቀይ እንዲያበራና ጣሪያው ላይ ያለውን ጥሩንባ እንዲነፋ አዘዝኩት። አራት ቀን ፈጀብኝ። በዚህ ታሪክ ውስጥ የሠራሁት ደህና ሥራ እሱ ብቻ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ብኩራራ አትፍረዱብኝ።

ሥራውን በጨረስኩ በሦስተኛው ቀን፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ ጥሩንባው ጮኸ። ፖርት ስድስት፣ የቦይለር ቤት። ጥቂት ጮሆ በራሱ ዝም አለ። በማግስቱም ስድስት ሰዓት ላይ ጮኸ። ከዚያ ወዲያም። ሳምንት ሳይሞላ የፋብሪካው ሠራተኛ በሙሉ የምሳ ደወል አድርጎ ያዘው። ኑግ የሚያበጥሩት ሴቶች አለቃ እትዬ ጥሩዬ ግቢ ውስጥ አግኝታኝ መረቀችኝ።

"እግዜር ይስጥህ የኔ ልጅ! ድሮ በጥላ ነበር የምንገምተው። አሁን ሰዓታችንን አወቅን።"

እኔም ይህን ቀልድ ቡሬ ውስጥ ባሉ ምግብ ቤቶች ሁሉ አዞርኩት። "የኔ ሰዎች የኔትወርክ አላርም እየሰሙ ምሳ ይበላሉ" እያልኩ አስቃለሁ። አላርሙ ለምን እንደሚጮህ ግን አልፈተሽኩም። የቦይለር ቤቱ ከምቀመጥበት ክፍል ሰባ እርምጃ ቢሆን ነው። እዚያ ጥቀርሻ አለ፣ ወበቅ አለ፣ እኔ ደግሞ ነጭ ሸሚዝ እወዳለሁ።

የቦይለሩ ሠራተኛ አያ አለኸኝ ይባላሉ። ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ በእግራቸው እየተመላለሱ የሚሠሩ፣ ስልሳውን የተሻገሩ ገበሬ ናቸው። ቦይለር ማለት ኑጉ የሚበስልበትን እንፋሎት የሚያፈላ፣ ቤት የሚያክል የብረት ጋን ነው። በጎኑ ላይ ውሃው የት እንደደረሰ የምታሳይ ቀጭን የመስታወት ቱቦ አለች። አያ አለኸኝ በወጣትነታቸው አንድ እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ ከእንፋሎት ጋር የሠሩ ሰው ስለነበሩ፣ ማንበብ ባይችሉም መስታወቷን ያነቧታል። እኔ ግን ውሃውን በስክሪኔ አየው ነበር፤ ሲጎድል ኮንትሮለሩ ራሱ ፓምፑን ያስነሳል። ስለዚህ ሰውየውን ከአሮጌው ዕቃ ጋር የተረከብናቸው ትርፍ ሰው አድርጌ ነበር የማያቸው።

አንድ ቀን ከክፍሌ በር ላይ መጥተው ቆሙ። ባርኔጣቸውን አውልቀዋል።

"ኢንጂነር፣ ያ ጥሩንባ ሲጮህ የኔ ፓምፕ ይቆማል።"

"እንዴት ይቆማል?"

"ይቆማላ። ውሃ መግፋቱን ይተዋል። ጥሩንባው ዝም ሲል ደግሞ ይነሳል። ምነው በሞቴ መጥተህ ብታየው።"

"አያ አለኸኝ፣ ይሄ የኔትወርክ ነገር ነው። ከውሃ ጋር አይገናኝም።"

"ኔትወርኩን አላውቀውም፣ ልጄ። ውሃውን ግን አውቀዋለሁ።"

"እሺ፣ አየዋለሁ" አልኳቸው። ሲሄዱ ሳቅኩ። ዛሬ ያንን ሳቅ ሳስታውሰው ራሴን በጥፊ መምታት ያምረኛል። ሰውየው መሣሪያውን ፈትሸው፣ ምልክቱን ከነሰዓቱ ለይተው፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረድተውኝ ነበር። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ ያልገባኝ።

ወደ ዋናው ቀን ልምጣ። ከዞኑ ዋና ከተማ ከፍኖተ ሰላም የሚመጡ ባለሥልጣናት ፋብሪካውን ሊጎበኙ ነው ተባለ። አቶ ክንዴ ከሳምንት በፊት ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረውም። ይህ ሰው ከግብርና ይሁን ከትምህርት ቢሮ እንደመጣ የሚያውቅ የለም፤ ብቻ ስብሰባ መምራት ያውቃል። ፋብሪካ ውስጥ ገብቶ የሚጠይቀው "አረንጓዴ ነው?" ብቻ ነው። በሪፖርቱ ላይ ቀይ ነገር ካየ የአመለካከት ችግር አለ ማለት ነው። አንድ ጊዜ የእሳት ማጥፊያውን በርሜል አረንጓዴ ቀለም ሊያስቀባው ሲል እትዬ ጥሩዬ ናት በልመና ያስተወችው።

በጉብኝቱ ዕለት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ክፍሌ ገባ። አዲስ ሱፍ ለብሷል።

"ያ ጥሩንባ ዛሬም ይጮሃል?"

"ስድስት ሰዓት ላይ ሳይጮህ አይቀርም።"

"እንግዶቹ ልክ በዚያ ሰዓት እዚህ ይሆናሉ። ቆመው እያዩ ቀይ ቢበራ፣ ምን ሊባል ነው?"

"ኬብሉን አይቼ..."

"ስንት ሰዓት ይፈጅብሃል?"

ኬብሉን አይቼው ስለማላውቅ መልሱንም አላውቅም ነበር። ይህን ማመን ግን አልፈለግሁም። "ግማሽ ቀን" አልኩ።

"አላርሙን ማጥፋቱስ?"

"ሁለት ደቂቃ።"

"ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?"

ተቀመጥኩና የፖርት ስድስትን ክትትል አጠፋሁት። ፕሮግራሙ "እርግጠኛ ነህ?" ብሎ ጠየቀኝ። ያን ቀን እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው። "አዎ" የሚለውን ተጫንኩ፤ አቶ ክንዴ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ወጣ። አመሰገነኝ ብዬ ደስ አለኝ፤ ይህንንም አልደብቃችሁም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ያለዚህ ቀጥሎ የሚመጣው አይገባችሁም። ቦይለሩ ውሃ ሲያጣ እሳቱን በራሷ የምታጠፋ መከላከያ ነበረችው። ቶሎ ቶሎ እያጠፋች ምርት ታስተጓጉላለች ተብሎ፣ ከኔ በፊት የነበረ ሰው ሽቦዎቿን አገናኝቶ ከሥራ ውጭ አድርጓታል። እኔ ይህን አውቅ ነበር። ኮንትሮለሩ እያለ ምን ያደርጋል ብዬ ትቼዋለሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏችኋል እንዲህ ነው።

አምስት ሰዓት ገደማ የአቶ ክንዴ ስልክ ጮኸ። "መኪኖቹ ማንኩሳን አለፉ!" አለ፤ ማንኩሳ ለቡሬ ቅርብ ናት። ፋብሪካው ተተራመሰ። አቶ ክንዴ ያየውን ሁሉ ይጠረግ፣ ይነሳ፣ ይደበቅ ይላል። መጥረጊያ የያዙ ሰዎች ይዞ ቦይለር ቤት ገባና፣ በሩ ጀርባ ካለችው የኬብል ሳጥን ላይ የተደረደሩ የምሳ ዕቃዎችን አየ። ሳጥኗ ሞቅ ስለምትል ሴቶቹ ጠዋት ምሳቸውን እሷ ላይ አስቀምጠው ነው ሥራ የሚገቡት።

"ይሄ ምንድን ነው? ምግብ ቤት ነው እንዴ? አንሱልኝ! ጥረጉ!"

ምሳ ዕቃው ተነሳ። ሳጥኗ ተጠረገች። ሲጠርጉ የፖርት ስድስት ኬብል ከሳጥኗ ተነቅሎ ወደቀ። ማንም አላየም፤ ጥሩንባውም አልጮኸም። አቶ ክንዴ ሲወጣ ወደ አያ አለኸኝ ዞሮ፣ በዕድሜ አባቱ በሚሆኑት ሰው ላይ ጣቱን ቀሰረ።

"አንተ ሽማግሌ፣ እንግዶቹ እስኪሄዱ ከዚህ እንዳትወጣ። በዚህ ልብስህ እንዳያዩህ።"

እንግዶቹ መጡ። ጭብጨባ ነበር፣ ንግግር ነበር፣ ከዚያ የኔ ክፍል ተጎበኘ። የቡድኑ መሪ ወፍራም፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ስክሪኑን እያየ "ይሄ ሁሉ አረንጓዴ ምንድን ነው?" አለኝ። እኔም ጀመርኩ። የተማርኩትን የእንግሊዝኛ ቃል በሙሉ አፈሰስኩባቸው። አንዳቸውም እንዳልገባቸው ከራስ መነቅነቃቸው ያስታውቃል፤ ያልገባው ሰው ነው እንደዚያ የሚነቀንቀው። በዚህ መሃል በሩ ተከፈተና አያ አለኸኝ ገቡ። ቱታቸው በጥቀርሻ ጠቁሯል፣ ፊታቸው በላብ ርሷል።

"ኢንጂነር፣ ውሃ የለም።"

የአቶ ክንዴ ፊት ሲለዋወጥ አየሁት። እኔ ወደ ስክሪኑ ዞርኩ። የቦይለሩ ውሃ፣ ስልሳ ሁለት በመቶ። አረንጓዴ።

"አለ እኮ፣ አያ አለኸኝ። ስልሳ ሁለት ነው።"

"እኔ መስታወት ላይ የለም። ከታች ወርዷል። ፓምፑም ከቆመ ቆይቷል።"

"መስታወቱ ቆሽሾ ይሆናል" አልኩና ወደ እንግዶቹ ዞር ብዬ ፈገግ አልኩ። "አባቶቻችን ቴክኖሎጂ ለማመን ትንሽ ጊዜ ይፈልጋሉ።"

ሳቁ። የቡድኑ መሪም ሳቀ። አያ አለኸኝ አልሳቁም፤ የተቆጡም አልመሰሉኝም። በበሽተኛ አልጋ አጠገብ እንደቆመ ሰው ነበር ያዩኝ።

"እንግዲያ እሳቱን ላጠፋ ነው" አሉ።

"ብታጠፋ ሥራህን አጠፋህ!" አለ አቶ ክንዴ በዝቅተኛ ድምፅ።

"ይሁን።" ወጡ።

ማብራሪያዬን ቀጠልኩ። ምን እንዳልኩ ትዝ አይለኝም፤ ዓይኔ ግን ያችን ቁጥር ለቅቆ አልሄድ አለ። ስልሳ ሁለት። የሚፈላ ውሃ አንድ ቦታ አይቆምም፤ ስልሳ አንድ ይላል፣ ስልሳ ሦስት ይላል፣ ይዋልላል። ይህች ግን እንግዶቹ ሲገቡም ስልሳ ሁለት ነበረች። አያ አለኸኝ ሲገቡም። ሲወጡም። ያኔ ገባኝ። ኮንትሮለሩ ወሬ ሲቋረጥበት መጨረሻ የሰማውን ይዞ ዝም እንደሚል የማውቀው እኔ፣ ሲቋረጥ እንዲጮህ ያዘዝኩት እኔ፣ ጠዋት አፉን የዘጋሁትም እኔ ነኝ። ቃል ሳልናገር ከክፍሉ ወጥቼ ሮጥኩ።

ቦይለር ቤት ስገባ እሳቱ ጠፍቷል። ጋኑ ግን ይንጣጣል፤ ብረት ሲቆጣ የሚያሰማው ድምፅ ነው። አያ አለኸኝ ጀርባቸውን ለውሃው ቫልቭ ሰጥተው ቆመዋል። ኬብሉ መሬት ላይ፣ መጥረጊያ አጠገብ፣ ተጋድሟል። አየሁት። ችግሩን ያገኘሁ ጀግና መስዬ ጎንበስ ብዬ አነሳሁትና ወደ ሳጥኗ ዘረጋሁ። አያ አለኸኝ እጄን በአየር ላይ ቀለቡት።

"ምን ልታደርግ ነው?"

"ልሰካው ነዋ! የተነቀለው እሱ ነው!"

"ስትሰካው ፓምፑ ይነሳ የለም?"

አዎ፣ ይነሳል። ኮንትሮለሩ ውሃ እንደሌለ ባወቀበት ቅጽበት ፓምፑን ያዛል። ፓምፑ በጋለው ባዶ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ይለቃል። ያ ውሃ በአንድ ጊዜ እንፋሎት ሆኖ ጋኑን ይበታትነዋል። ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ እትዬ ጥሩዬና ሠላሳ የሚሆኑ ሴቶች ኑግ እያበጠሩ ነው።

"ልቀቀው" አሉኝ በቀስታ። ለቀቅኩት። "አሁን ቀስ ብሎ እስኪበርድ ምንም አይነካም። አንተ ሂድና ሴቶቹን አውጣልኝ። ሩጥ።"

ሮጬ ገባሁና "ውጡ! ቶሎ ውጡ!" አልኩ። ሴቶቹ ቀና ብለው አዩኝ። እትዬ ጥሩዬ ወንፊቷን እንኳ አላስቀመጠችም።

"ምነው፣ ገና ጥሩንባው መች ጮኸና?"

"ጥሩንባውን ተዪው!"

"እንግዳ ባለበት ያለ ደወል ወጡ ብሎ አቶ ክንዴ ሊገመግመን? እንዴት ሆኖ!"

ያሳቅሁባቸው ቀልድ ዞሮ እኔው ላይ መጣ። ተንበረከክሁ። ከነነጭ ሸሚዜ የኑግ ገለባ ላይ ተንበረከክሁና "እትዬ ጥሩዬ፣ በማርያም ይዤሻለሁ፣ ቦይለሩ ሊፈነዳ ነው፣ ውጪልኝ" አልኳት። ፊቴን አይታ ነው መሰል ወንፊቷ ከእጇ ወደቀ። "ሴቶች፣ ተነሱ!" አለች። ወጡ።

ስመለስ አቶ ክንዴ ቦይለር ቤቱ ውስጥ ነው። እንግዶቹ በሩ ላይ ተከማችተዋል። ማሽኖቹ እንፋሎት አጥተው ቆመዋል፤ ይህ ለሱ የዓለም ፍጻሜ ነበር።

"ውሃ ከሌለ ውሃ ጨምርበታ! ምን ገትሮ ያቆምሃል? ሰዎቹ ማሽን ሲዞር ሊያዩ ነው የመጡት!"

"ጌታዬ፣ አይቻልም። አሁን ውሃ ካየ ይፈነዳል።"

"አንተ ነህ የምታዘኝ?" አለና በእጅ የሚከፈተውን ቫልቭ ሊይዝ ተንጠራራ። አያ አለኸኝ ደረቱን በሁለት እጃቸው ገፉት። አቶ ክንዴ ከነአዲስ ሱፉ ጥቀርሻው ላይ በቂጡ ተቀመጠ። እንግዶቹ ሁሉ አዩ። ሰውየው ሊነሳ ሲሞክር አያ አለኸኝ ቫልቩ ላይ በጀርባቸው ተለጥፈው፣ "ግደለኝ እንጂ ይችን አትነካም" አሉ።

"ተዉት! እውነታቸውን ነው!" ብዬ ጮህኩ። በዚያ ቀን ካልኩት ሁሉ የሚረባው ይህ ብቻ ነው። የቡድኑ መሪ ነገሩ ሳይገባው አልቀረም፤ ሰዎቹን ይዞ ወደ መኪናቸው በፍጥነት ሄደ። አያ አለኸኝ ግን ብረቱ መንጣጣቱን እስኪተው ድረስ፣ ሁለት ሰዓት ለሚሆን ጊዜ፣ ከዚያ ቫልቭ አልተነቃነቁም። ምንም አልፈነዳም። ማንም አልሞተም። ለዚህም ነው ታሪኩን የሚያውቀው ሰው የሌለው።

በማግስቱ ግምገማ ተጠራ። አቶ ክንዴ ሰብሳቢ ነው። የተገፋው ሰው፣ ስለ መገፋቱ፣ ራሱ ይዳኛል። አያ አለኸኝ ግለ ሂስ እንዲያደርጉ ተጠየቁ። ብድግ ብለው "ምን ልበል? ውሃ አልነበረም፣ እሳት አጠፋሁ" አሉና ተቀመጡ። ይህ በቂ ግለ ሂስ አይደለም ተባለ። ከዚያ የቴክኒክ ማብራሪያ እንድሰጥ እኔ ተነሳሁ።

ማታውን ስዘጋጅ ነው ያደርኩት። እናገራለሁ ብዬ ነበር። ስነሳ ግን ከአፌ የወጣው "የኬብል መላቀቅ አጋጥሟል፤ በወቅቱም አላርሙ ሥራ ላይ አልነበረም" የሚል ነው። በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት ፈረስ አጎቴ ነው አለ እንደሚባለው። ለምን ሥራ ላይ እንዳልነበረ የጠየቀኝ የለም። አቶ ክንዴ ምክንያቱን ያውቃል፤ ሌላው መጠየቅ አይወድም። አያ አለኸኝ ቀና ብለው አዩኝና መልሰው ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። የቦይለሩን ውሃ ባለመቆጣጠርና አመራር ላይ እጅ በማንሳት ተብሎ ተጽፎ ከሥራ ተሰናበቱ። እኔ "ተግባቢና የቴክኒክ ብቃት ያለው" ተብዬ ጥሩ ውጤት አገኘሁ።

ወር ሳይሞላ እትዬ ጥሩዬ ግቢ ውስጥ አቆመችኝ።

"እኛን ሊፈጀን የነበረው አለኸኝ ነው አሉ። ሰክሮ ውሃውን ረስቶት ነው እየተባለ አገሩ ሁሉ እያወራ ነው። ሚስቱን ገበያ ላይ ሰላም የሚላት ጠፋ። እውነት ነው?"

"አይደለም።"

"ታዲያ ማነው?"

ዝም አልኩ። ዝም ስል ነው ያወቀችው። "አይ አንተ" አለችኝና ምሳዋን እንዴት ታነሳ እንደነበር ስትነግረኝ፣ ጥሩንባው ለምን ይጮህ እንደነበር የዚያን ዕለት ገባኝ። ፀሐይዋን አይታ ስድስት ሰዓት መሆኑን ታውቃለች፤ ከሁሉ ቀድማ ምሳ ዕቃዋን ከሳጥኗ ላይ ታነሳለች፤ የላላው ኬብል ይነቃነቃል፤ ጥሩንባው ይጮሃል፤ እሷም "ዛሬም በሰዓቱ ደረስኩ" ትላለች። ሰባ እርምጃ ሄጄ ብጠይቃት ኖሮ በአንድ ደቂቃ ያለቀ ነገር ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ፍኖተ ሰላም መሄዱን ትቼ ወደ አያ አለኸኝ ቀበሌ በእግሬ ወጣሁ። ማሳቸው ዳር አገኘኋቸው፤ አጥር እየጠገኑ ነው። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ይዘው አቆሙኝ።

"ይቅር በሉኝ፣ አያ አለኸኝ። አላርሙን ያጠፋሁት እኔ..."

"እኔን ምን ትነግረኛለህ፣ ልጄ? እኔ እዚያው ነበርኩ። ለማያውቁት ንገራቸው።" ከዚያ እሾኩን አንስተው እየደረደሩ "ነገ ሰንበቴ አለን" አሉ።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ቤቱ ገባሁ። የማኅበሩ ሰዎች በየመደባቸው ተቀምጠዋል። አያ አለኸኝ በሩ አጠገብ፣ ብቻቸውን ናቸው፤ በግራ በቀኛቸው አንድ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ክፍት ቦታ አለ። ያ ክፍት ቦታ ከሁሉ በላይ አሳፈረኝ። ዳቦው ሲቆረስ ተነሥቼ ለመናገር ፈቃድ ጠየቅኩ። የምናገርበት ቃል ግን አልነበረኝም። ስዊች፣ ፖርት፣ ኮንትሮለር፤ በዚያ ቤት አንዱም አይሠራም። በመጨረሻ እንዲህ አልኩ፦

"እናንተ በረት ላይ ውሻ ታስራላችሁ። ፋብሪካውም ውሻ ነበረው። ውሃው ዘንድ ችግር ሲኖር ይጮሃል። በየቀኑ ሲጮህ ሰለቸንና፣ እንግዳ በመጣበት ቀን አፉ ታሰረ። በዚያው ቀን ጅቡ መጣ። ጅቡን ብቻቸውን የመለሱት አያ አለኸኝ ናቸው። አልሰከሩም። አልረሱም። ውሃ የለም ብለው መጥተው ነግረውኛል።"

ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ወደ ድምፄ ዞሩ።

"የውሻውን አፍ ማን አሰረው?"

በግምገማው ላይ ያ ሁሉ የተማረ ሰው ያልጠየቀውን ጥያቄ ነው የጠየቁኝ።

"እኔ ነኝ።"

"አዞህ ነው ወይስ ራስህ?"

"አዘውኛል። ያሰርኩት ግን እኔ ነኝ። አውቄ።"

ሽማግሌው "እግዚአብሔር ይፍታህ" አሉ። ከዚያ ከመደቡ አንድ ሰው ተነሳ። ዳቦውን ይዞ ሄዶ ከአያ አለኸኝ ጎን ተቀመጠ። ሌላውም በሌላው ጎናቸው ተቀመጠ። እኔ እዚያ ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሰኞ ዕለት ያንኑ ለፋብሪካው በደብዳቤ ጻፍኩ፤ ስሜን፣ ያጠፋሁበትን ሰዓትና ያዘዘኝን ሰው ጨምሬ። አቶ ክንዴ ደብዳቤውን አንብቦ "አሁን ምን ይጠቅምሃል?" አለኝ። በሁለት ወሩ ከፍ ወዳለ ቦታ ተሹሞ ሄደ፤ እኔ ደግሞ ሥራውን ለቀቅሁ። አያ አለኸኝ ተመልሰው አልተጠሩም።

እናንተ አንባቢዎቼ ምክር ጠብቃችሁ ከሆነ የለኝም፤ ምክር የሚሰጠው ከኔ የተሻለ ሰው ነው። የማደርገውን ግን ልንገራችሁ። ዛሬም ሥራዬ ይኸው ነው፣ ፋብሪካ እየዞርኩ አላርም እተክላለሁ። አዲስ ቦታ ስደርስ ላፕቶፔን ሳልከፍት መጀመሪያ በጣም ቆሻሻ ወደሆነው ክፍል እሄድና እዚያ ያለውን ሰው "ምን አስቸገረህ?" ብዬ እጠይቀዋለሁ። አላርም አጥፋ የሚለኝ አለቃ ካለም ስሙን ጽፎ እንዲፈርም ወረቀት አቀርብለታለሁ። እስካሁን የፈረመ የለም።

አያ አለኸኝ ካረፉ ቆየ። ባለፈው ዓመት በአንድ ጉዳይ ቡሬ ሄጄ ፋብሪካው ጎራ አልኩና የመዝገብ ቤቷን ልጅ የእሳቸውን ፋይል እንድታሳየኝ ለመንኳት። ደብዳቤዬ የለም። የስንብቱ ወረቀት ግን አለ፣ "የቦይለሩን ውሃ ባለመቆጣጠር" ይላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እንግዲህ እኔም በወረቀት አኖርኩት፤ የነዚያን ሴቶች ነፍስ ያተረፉት አያ አለኸኝ ናቸው፣ አላርሙን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።